የተለጠፈው ዋጋ 31,995፣ የተጠየቃችሁት 37,282፦ አዲስ ትራቭል ትሬለር ስትገዙ የዲለር ክፍያዎችን የመደራደር ዝርዝር መመሪያ

አሜሪካ ውስጥ አዲስ ትራቭል ትሬለር (በመኪና የሚጎተት የመዝናኛ ቤት) ለመግዛት ስታስቡ መጀመሪያ የምታዩት ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈውን ዋጋ ነው። የፋብሪካው ዋጋ 42,000 ተሰርዞ ከሥሩ 31,995 ዶላር ተጽፏል እንበል። ቅዳሜ ልጆቹን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ልጆቹ ገና ከመግባታቸው የላይኛውን አልጋ ይጣሉበታል። ወጥ ቤቱም ይወደዳል። ከዚያ የዋጋው ወረቀት ይመጣል፦

ፍሬት 1,995
ፕሬፕ 1,495
ዶክ ፊ 899
ባትሪና ፕሮፔን 399
ስታርተር ኪት 499

ድምሩ 5,287 ዶላር ነው። 31,995 የነበረው 37,282 ሆነ። ታክስና ታርጋ ገና አልተነካም። ማስታወቂያው ላይ ወደ 24 በመቶ የሚጠጋ ቅናሽ የመሰለው፣ ሲደመር 11 በመቶ ብቻ ነው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው ያስቀመጥኳቸው። እንዲህ ያለ ዝርዝር ግን ብዙ ዲለር ጋ ይጠብቃችኋል።

መርካቶ ዋጋ ሲከራከር ያደገ ሰው እንኳ እዚህ ጋ ይሸነፋል። መርካቶ አንድ ዕቃ አንድ ዋጋ ነው ያለው። «የመጨረሻውን ንገረኝ» ትላላችሁ፣ ካልተስማማችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ። እዚህ ግን ዋጋው ተቆራርጦ ነው የሚቀርበው። አንዱን ስታስቀንሱ ሌላው ያብጣል። ስለዚህ ከታች የምለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ነገር ላይ ነው። የክፍያዎቹን ስም ተዉትና በድምሩ ላይ ተደራደሩ።

ደረጃ 1፦ የመንግሥትን ከዲለሩ ለዩ

ወረቀቱን ስታገኙ እስክሪብቶ አንሱና ሁለት ቦታ ክፈሉት።

የመንግሥት የሆነው የሽያጭ ታክስ፣ ታይትል (የባለቤትነት ሰነድ) እና ታርጋ ነው። እዚህ ላይ ድርድር የለም። ልኩን ግን የስቴታችሁ ዲኤምቪ (የተሽከርካሪ ምዝገባ ቢሮ) ድረ ገጽ ላይ ራሳችሁ አረጋግጡ። አንዳንዱ ዲለር «ታይትልና ታርጋ» በሚል መስመር ውስጥ የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይሸጉጣል።

ከዚህ ውጪ ያለው ሁሉ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ዲለሩ ኪስ የሚገባ ገንዘብ ነው። ልብ በሉ፣ ሁሉም ማጭበርበር ነው አላልኩም። ከአንዳንዱ ጀርባ እውነተኛ ወጪ አለ። ግን ወጪ ያለው ነጋዴ ሁሉ ወጪውን ዋጋው ውስጥ ያስገባል። ባለ ሱቅ ስኳር ሲሸጥላችሁ የመኪና ማስጫኛ ብሎ ለብቻ አይጠይቅም።

ደረጃ 2፦ እያንዳንዱ ክፍያ ምን እንደሆነ እወቁ

ፍሬት። ትሬለሩን ከፋብሪካ ዲለሩ ግቢ ድረስ የማምጫ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሠራው ትራቭል ትሬለር አብዛኛው ከኢንዲያና፣ ከኤልክሃርት ከተማና ከአካባቢዋ ነው የሚወጣው። ከዚያ ዋሽንግተን ዲሲ 600 ማይል ገደማ ነው። ሲያትል ደግሞ ከ2,000 ማይል በላይ። እንግዲህ በማይል 2 ዶላር ብላችሁ ብታስቡ የዲሲው 1,200 ይሆናል፣ የሲያትሉ ከ4,000 ያልፋል። ቨርጂኒያ ያለ ዲለር 2,500 ከጠየቃችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ትራክ የሚነዳ ዘመድ የሌለው አበሻ አሜሪካ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። እሱን ደውላችሁ አማክሩት፣ ለጭነት በማይል ስንት እንደሚከፈል ከእናንተም ከሻጩም ይበልጥ ያውቃል። ሌላም ጥያቄ አለ፦ «ይህ ፍሬት የፋብሪካው ዋጋ ውስጥ ገብቷል ወይስ አልገባም?» ሁለት ጊዜ የሚያስከፍሉ አሉ።

ፕሬፕ። ትሬለሩን አጥቦ፣ ጋዙንና ውኃውን ፈትሾ፣ አሠራሩን አሳይቶ ማስረከብ ነው። አንዳንዴ «ፒዲአይ» ይሉታል። ሥራው እውነተኛ ነው፣ በደንብ ከተሠራ ሰዓታት ይወስዳል። ግን የሚሠራ ዕቃ ማስረከብ ሻጭ ከመሆን ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር ነው። እኔ በዚህኛው ላይ ጠንከር ማለት እመርጣለሁ። ከፕሬፑ ሌላ «ኦሬንቴሽን» ወይም «ዎክ ስሩ» የሚል መስመር ካያችሁ ደግሞ ያው አንዱ ሥራ በሁለት ስም ነው።

ዶክ ፊ። ወረቀት ለማዘጋጀት የሚጠየቅ ክፍያ ነው። ጣሪያው እንደ ስቴቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በሕግ 85 ዶላር ላይ ተገድቧል። ቨርጂኒያና ፍሎሪዳ ውስጥ ግን ጣሪያ የለውም። የፍሎሪዳ ሕግ አንድ ደስ የሚል ነገር ያስገድዳል። ዲለሩ እንዲህ ያለ ክፍያ ሲጠይቅ፣ ገንዘቡ የዲለሩን ወጪና ትርፍ የሚወክል መሆኑን ውሉ ላይ መጻፍ አለበት። «ትርፍ» የሚለው ቃል እዚያው ወረቀቱ ላይ አለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ «ይህ መንግሥት የጣለው ነው» ቢላችሁ ጣታችሁን እዚያ ላይ አሳርፉ።

ባትሪና ፕሮፔን። ትሬለሮች ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጡት ያለ ባትሪ ነው። ዲለሩ ነው የሚጨምረው። ነገር ግን ትሬለሩ መንገድ ላይ ከመኪናው ቢላቀቅ የራሱን ፍሬን የሚይዝበት መሣሪያ ያለ ባትሪ አይሠራም። ስለዚህ «ያለ ባትሪ ከግቢ መውጣት የማይችል ዕቃ ነው የምትሸጥልኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ክፍያ ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይወድቃል።

ስታርተር ኪት። የፍሳሽ ቱቦ፣ የመጠጥ ውኃ ቱቦ፣ የግፊት መቀነሻ፣ የመጸዳጃ ኬሚካል፣ አንዳንዴ የጎማ መደገፊያ። ዋልማርት ገብታችሁ ራሳችሁ ሰብስቡት።

የቀለም መከላከያ፣ የጨርቅ መከላከያ፣ ጎማ ውስጥ ናይትሮጅን፣ መስታወት ላይ ቁጥር መቅረጽ። እነዚህን አልፈልግም በሉ። «ቀድሞ ተሠርቶበታል» ካሉ፣ እናንተ አላዘዛችሁም።

ሂች። ትሬለሩን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው መሣሪያ ነው። ክብደት የሚያከፋፍለው ሂችና የፍሬን መቆጣጠሪያው እንደ ሌሎቹ አይደሉም፣ በእርግጥ ያስፈልጓችኋል። ዋጋቸውን ግን ከትሬለሩ ለይታችሁ ጠይቁ። ሌላ ሂች የሚገጥም ጋራዥ ምን ያህል እንደሚያስከፍልም አጣሩ።

ደረጃ 3፦ ከቤት ሳትወጡ ግማሹን ጨርሱ

የምትፈልጉትን ሞዴልና የክፍል አቀማመጥ ወስኑ። ከዚያ ያንኑ የሚሸጡ ሦስት አራት ዲለሮችን ፈልጉ። ራቅ ያሉትንም ጨምሩ። መንትያ ሞዴሎችንም አትርሱ። ለምሳሌ ፎረስት ሪቨር የሚሠራቸው ሳሌምና ዋይልድውድ ስማቸውና ሥዕላቸው ነው እንጂ ሌላው ነገራቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። የአንዱን ዋጋ ይዛችሁ የሌላውን ሻጭ መጫን ትችላላችሁ።

ጊዜውም ዋጋ አለው። ዲለሮች ግቢያቸው ውስጥ ያለውን ትሬለር አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት በብድር ነው። አንድ ትሬለር በቆመ ቁጥር ወለድ ይቆጥርባቸዋል። ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ገዢ ይቀንሳል፣ የአዲሱ ዓመት ሞዴልም ገብቶ ያለፈውን ይገፋዋል። የቆመ ያለፈ ዓመት ሞዴል ያለው ሻጭ ለመስማማት ይቸኩላል። በተቃራኒው ኤፕሪልና ሜይ ላይ ሁሉም ሰው ለበጋው ይሯሯጣል፣ ሻጩም ይህን ያውቃል። በዲሲ አካባቢ ያላችሁ ሴፕቴምበር ላይ ፔንሲልቬኒያ፣ ኸርሺ የሚካሄደውን ትልቅ የአርቪ (የመዝናኛ ተሽከርካሪዎች) ትርዒት ሄዳችሁ ብታዩ ብዙ ሞዴል በአንድ ቀን ታያላችሁ። «የዛሬ ብቻ ዋጋ» የሚባለውን ግን ፎቶ አንሱና ወደ ቤት ሂዱ።

በብድር ከሆነ የምትገዙት፣ መጀመሪያ ክሬዲት ዩኒየን ጋ ቅድመ ፈቃድ አውጡ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 6 ላይ እመጣበታለሁ።

ደረጃ 4፦ ጠቅላላ ዋጋውን በጽሑፍ አስወጡ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለዲለርም ይሠራል። ስልክ ላይ የተባለ ዋጋ ዋጋ አይደለም። ለእያንዳንዱ ዲለር ኢሜይል ጻፉ። ይዘቱ እንዲህ ይሁን፦

«የዚህ ቁጥር ትሬለር ላይ ፍላጎት አለኝ። በዚህ ወር እገዛለሁ። እባክዎ አውት ዘ ዶር ዋጋውን በዝርዝር ይላኩልኝ። ፍሬት፣ ፕሬፕ፣ ዶክ ፊ፣ ባትሪ፣ ሌላም የእናንተ ክፍያ ካለ ሁሉም ይካተት። ታክስና ታርጋ ለብቻ ይጻፍ። ከሌሎች ዲለሮችም እየጠየቅኩ ነው፣ የማወዳድረው ድምሩን ነው።»

አውት ዘ ዶር ሲባል ሁሉም ተጨምሮ ትሬለሩን ጎትታችሁ ከግቢው የምትወጡበት ዋጋ ነው። ሻጮቹ ቃሉን ያውቁታል።

አንዳንዱ «ቢሮ ይምጡና እንነጋገር» ብሎ ይመልሳል። አንድ ጊዜ በትሕትና ድገሙለት። አሁንም ካልላከ ከዝርዝራችሁ አውጡት። ቀድሞ ዋጋውን የሚደብቅ ሰው ኋላም ሌላ ነገር ይደብቃል።

መልሶቹ ሲመጡ ታክስና ታርጋን አውጡና የዲለሩን ድምር ብቻ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ከላይ ያለው ዲለር 31,995 ለጥፎ ድምሩ 37,282 ነው። ሌላው 33,900 ለጥፎ የሚጨምረው 300 ዶላር ዶክ ፊ ብቻ ቢሆን 34,200 ነው። ማስታወቂያ ላይ ውድ የመሰለው በ3,082 ዶላር ረከሰ።

ስንት ልጠይቅ ካላችሁ፣ በተራ ትራቭል ትሬለሮች ላይ ከፋብሪካው ዋጋ ከ20 እስከ 30 በመቶ መቀነስ የተለመደ ነው። ኤርስትሪም የመሳሰሉት ውድ ብራንዶች እንደዚያ አይቀንሱም። በምሳሌያችን 20 በመቶው 33,600 ይሆናል፣ የዲለሩ ክፍያ ሁሉ ተጨምሮበት ማለቴ ነው። ከ33,000 ብትጀምሩ ማንም አይስቅባችሁም።

ደረጃ 5፦ ድርድሩ

አሁን ኳሱ እናንተ ጋ ነው። ሻጩ የሚላቸው ነገሮች ብዙም አይለያዩም፣ መልሶቹም እንዲሁ።

«ዶክ ፊውን መቀነስ አንችልም፣ ለሁሉም ሰው አንድ ነው።»
«ይሁን፣ አትንኩት። ትሬለሩ ላይ 899 ቀንሱልኝ።»

ይህን አንድ መልስ ከያዛችሁ ግማሹ መመሪያ በእጃችሁ ነው። ዶክ ፊውን ለአንዱ ቀንሶ ለሌላው መተው ያስቸግረናል የሚሉት አንዳንዴ እውነታቸውን ነው። የትሬለሩን ዋጋ መቀነስ ግን ሁሌም ይችላሉ።

«ፍሬቱን እኛም ከፍለናል።»
«አምናለሁ። ሌላው ዲለርም ከፍሏል፣ እሱ ግን በ34,200 ጨርሶ ይሰጠኛል።» ኢሜይሉን አሳዩት። የሌለ ዋጋ ግን አትፍጠሩ፣ «አሳየኝ» ካለ ታፍራላችሁ።

«በወር ስንት መክፈል ይችላሉ?»
«በጠቅላላ ዋጋው ከተስማማን በኋላ እንነጋገራለን።» የወር ክፍያ ውስጥ ሁሉም ነገር ይደበቃል። የትሬለር ብድር እስከ 15 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሄዳል። 3,000 ዶላር ክፍያ በ9 በመቶ ወለድ ለ15 ዓመት ሲበተን በወር 30 ዶላር ገደማ ነው፣ ቀላል ይመስላል። በመጨረሻ የከፈላችሁት ግን 5,477 ዶላር ገደማ ይሆናል።

«ማናጀሬን ልጠይቅ» ብሎ ሲሄድ ደግሞ ቆይቶ ነው የሚመለሰው። ስልካችሁን አውጡና ሌላ ሥራ ሥሩ።

እዚህ ላይ ስለ ይሉኝታ ሳላነሳ አላልፍም። ሻጩ ሦስት ሰዓት አብሯችሁ ዞሯል። ቡና አቅርቧል። ለልጆቹ ከረሜላ ሰጥቷል። ያን ሁሉ ደክሞ «አልፈልግም» ብሎ መነሳት ለእኛ ሰው ይከብዳል። ብዙ ሰው 37,282 ላይ የሚፈርመው አምኖበት ሳይሆን አፍሮ ነው። እሱ ግን ሥራው ነው፣ ነገም ሌላ ቤተሰብ ይዞ ይዞራል። መጨባበጥ፣ ማመስገን፣ ዋጋችሁን ጽፋችሁ መተውና መሄድ ነውር የለውም። «እስከ ሐሙስ በዚህ ዋጋ ከተስማማችሁ ቀብድ ይዤ እመጣለሁ» በሉ። በማግስቱ ስልክ ቢደወልላችሁ አይግረማችሁ። ካልደወሉ ደግሞ ሁለተኛው ዲለር አለላችሁ።

ቢቻል ልጆቹን ለድርድሩ ቀን አትውሰዱ። «ማሚ፣ ይሄ የኛ ነው አይደል?» የሚል ልጅ ለሻጩ ትልቅ ረዳት ነው።

ስለ ርቀትም አንድ ነገር። ሌላ ስቴት በ400 ዶላር የሚረክስ ብታገኙ፣ እኔ ቅርቡን እመርጣለሁ። አዲስ ትሬለር በመጀመሪያው ዓመት መጠገኑ አይቀርም። ሌላ ቦታ የተገዛውን ወረፋ መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጡ፣ ጭራሽ የማይቀበሉም ዲለሮች አሉ። ልዩነቱ 3,000 ከሆነ ግን መንገዱን ጀምሩት።

ስትስማሙ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ይሁን፦ ጠቅላላው ዋጋ፣ የትሬለሩ መለያ ቁጥር፣ ቀብዱ ተመላሽ መሆኑ።

ደረጃ 6፦ የፋይናንስ ቢሮው

ዋጋው አለቀ ብላችሁ ስትተነፍሱ ሌላ ክፍል ያስገቧችኋል። ሁለተኛው ድርድር የሚጀምረው እዚያ ነው።

አንደኛ፣ ወለዱ። ባንኩ ለዲለሩ አንድ የወለድ መጠን ይሰጠዋል፣ ዲለሩ ጨምሮበት ለእናንተ ማቅረብ ይችላል። የክሬዲት ዩኒየኑ ፈቃድ በእጃችሁ ካለ «ከዚህ ዝቅ ካደረጋችሁ ከእናንተ እበደራለሁ» ትላላችሁ። በጥሬ ገንዘብ የምትገዙ ከሆነም ቀድማችሁ አታውሩት። ዲለሩ ከብድሩም ስለሚያተርፍ ያን ሲያስብ ዋጋው ላይ ይለሳለሳል።

ሁለተኛ፣ የተራዘመ ዋራንቲ፣ ጋፕ ኢንሹራንስ (ትሬለሩ ከጥቅም ውጪ ቢሆን ኢንሹራንስ ከሚከፍለው በላይ የቀረውን ዕዳ የሚሸፍን)፣ የጎማ ዋስትና። በዚያው ቀን መወሰን የለባችሁም። የተራዘመውን ዋራንቲ የፋብሪካው ሳያልቅ ኋላም መግዛት ይቻላል፣ ዋጋውንም መደራደር ይቻላል። «ባንኩ ግዴታ ነው ይላል» ካሏችሁ ያንን ጽፈው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ወሬው እዚያ ያቆማል።

ውሉን ከመፈረማችሁ አንድ ቀን በፊት በኢሜይል አስልኩት። ካሊፎርኒያ በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በታጋሎግ፣ በቬትናምኛና በኮሪያኛ ተደራድረው የሚዋዋሉ ሰዎች የውሉን ትርጉም እንዲያገኙ የሚያስገድድ ሕግ አላት። አማርኛ እዚያ ውስጥ የለም። ስለዚህ የውል እንግሊዝኛ የለመደ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ይዛችሁ ግቡ። እያንዳንዱን መስመር ከኢሜይሉ ጋር አስተያዩ። አዲስ መስመር ካለ እስክሪብቶውን አስቀምጡ።

ደግሞ «በ3 ቀን ውስጥ ከሐሳቤ ብመለስ እመልሳለሁ» ብላችሁ አትፈርሙ። የፌዴራሉ የ3 ቀን ደንብ ቤት ድረስ ለሚመጣ ሻጭና ለመሳሰለው ነው፣ ዲለር ግቢ ሄዳችሁ የገዛችሁትን አይመለከትም። ኤፍቲሲ (የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን) በ2023 መጨረሻ ያወጣው የመኪና ዲለሮች ደንብም ትሬለርን አይጨምርም ነበር፣ እሱም ቢሆን በጃንዋሪ 2025 በፍርድ ቤት ተሽሯል። በብዙ ስቴቶች የሌመን ሕግም (ደጋግሞ የሚበላሽ አዲስ መኪና የገዛ ሰው የሚካስበት ሕግ) ተጎታች ትሬለርን አይሸፍንም። ከፊርማ በኋላ የሚያድናችሁ ነገር ጥቂት ነው።

ደረጃ 7፦ ቀሪው ገንዘብ ከፍተሻው በኋላ

ፕሬፕ ከፈላችሁም አልከፈላችሁም፣ ትሬለሩን ሳታዩ ቀሪውን አትክፈሉ፣ አትፈርሙ። ፍሪጁን ከዋዜማው እንዲያበሩት ንገሯቸው፣ ጠዋት መቀዝቀዙን ታያላችሁ። ውኃ አስገብታችሁ ከየቧንቧው ሥር በእጃችሁ ዳስሱ። ስላይዱን (ወደ ጎን የሚወጣውን የትሬለሩን ክፍል) አስወጡ፣ አስገቡ። ምድጃውን፣ ማሞቂያውን፣ ኤሲውን አብሩ። መሰላል ጠይቃችሁ የጣሪያውን ማጣበቂያ እዩ። ጎማው ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥርም አንብቡ፦ 3225 ማለት በ2025 በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ለብቻችሁ ካልደፈራችሁ የምስክር ወረቀት ያለው የአርቪ ፈታሽ መቅጠር ይቻላል።

የተበላሸ ነገር ካለ «ውሰዱት፣ በሚቀጥለው ሳምንት እናስተካክላለን» ይላሉ። የተሻለው እዚያው ተሠርቶ ሲያልቅ መምጣት ነው። የግድ ከወሰዳችሁ፣ ዲለሩ የቀረበትን ሥራ የሚዘረዝርበት «ዊ ኦው» የሚባል ወረቀት አለ። እያንዳንዱ ጉድለት ተጽፎ፣ ቀን ተቆርጦለት፣ ማናጀሩ ይፈርምበት። ተጨማሪ ዋራንቲ ገዝታችሁ ቤት ስትደርሱ ከተጸጸታችሁም ውሉ ላይ የመሰረዣውን ክፍል ፈልጉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሙሉ ገንዘብ የሚመልሱ ብዙ ናቸው። ጥያቄውን በጽሑፍ ላኩ፣ የላካችሁበትን ማስረጃም ያዙ። ትሬለሩ በብድር ከሆነ የተመለሰው ገንዘብ የሚሄደው ለአበዳሪው ስለሆነ፣ ከዕዳችሁ ላይ መቀነሱን በቀጣዩ ወር መግለጫ ላይ አረጋግጡ።